በወልቂጤና በቡታጅራ ከ6ኛ ክፍል በኋላ ስለሚለዩት ልጆች

በቀድሞው ዘመን የንባብ ቤት መምህር ተማሪው የሚለይበትን ደጃፍ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ልጁ ፊደል ይቈጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ወንጌሉን አልፎ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት በደገመ ጊዜ አባቱ ደስ ብሎት ይደግስለታል፤ ከድግሱ በኋላ ግን አብዛኛው ልጅ ወደ እርሻ ወይም ወደ ንግድ ይመለሳል፤ አኵፋዳውን አንግቶ ወደ ዜማ ቤትና ወደ ቅኔ ቤት የሚሻገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ደብር ወደ ፊት ስንት ሊቅ እንደሚያወጣ ለመገመት የፈለገ ሰው ፊደል የሚቈጥሩትን ሕፃናት አይመለከትም ነበር፤ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ከመምህራቸው ያልተለዩትን ይቈጥር ነበር እንጂ። በቁርአን ቤትም ያለው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ቁርአኑን ያኸተመው ልጅ ብዙ ሲሆን ወደ ኪታብ የሚሻገረው ጥቂት ነው።

የአሁኑ ዘመን ትምህርት ቤትም እንዲህ ያለ ደጃፍ አለው፤ እርሱም 7ኛና 8ኛ ክፍል ነው። የዚህ የ2 ዓመት ትምህርት ስሙ ተለዋውጧል። ከ1986 ዓ.ም. በፊት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባል ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን ሁሉ አንድ አድርጎ አንደኛ ደረጃ አለው፤ አዲሱ የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዐት ደግሞ 6 ዓመት ለአንደኛ ደረጃ፥ 2 ዓመት ለመካከለኛ ደረጃ፥ 4 ዓመት ለሁለተኛ ደረጃ ደልድሎ እነዚህን ሁለት ክፍሎች መካከለኛ ደረጃ ብሎ ሰየማቸው። ስሙ ይህን ያህል ሲለዋወጥ የልጆቹ ዕድሜ ግን አልተለወጠም። በጊዜው ትምህርት ቤት የገባና ክፍል ያልደገመ ልጅ 13 ወይም 14 ዓመት የሚሆነው በዚሁ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። ይህም ዕድሜ በጉራጌ አገር ልጅ ለንግድ ተሰናድቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበት ዕድሜ ነውና፥ የትምህርት ቤቱ ደጃፍና የአውቶቡስ መናኸሪያው ደጃፍ በአንድ ጊዜ ይከፈቱለታል።

ነገሩ በሁለት ከተሞች ላይ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ ከአለም ገና ተነሥቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወርደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናት። በመካከላቸው ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት ተጋድሟል። ሁለቱም የአንድ ዞን ከተሞች ሆነው ብዙ ዘመን ኖረው ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ግን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ተለይቶ ቡታጅራ የዞኑ መቀመጫ ሆነች፤ ወልቂጤም የጉራጌ ዞን መቀመጫ እንደ ሆነች ቀረች። ከዚህ የተነሣ ዛሬ ስለ አንዱ ዞን ልጆች ለመናገር የቀድሞውን አኀዝ የሚያነሣ ሹም የሁለቱን ልጆች ቀላቅሎ እንዳይናገር መጠንቀቅ ያሻዋል። መዝገብ ሲከፈል እንደ ርስት በገመድ ተለክቶ አይከፈልም፤ በስም እየተጠራ መለየት አለበት።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንመለስ ቢባል፥ ከሁሉ የሚታመነው የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና የቤቶች ቈጠራ ነው። በዚያ ቈጠራ የወልቂጤ ሕዝብ 28,866፥ የቡታጅራ ሕዝብ 33,406 ሆኖ ተገኘ። በ1987 ዓ.ም. ተደርጎ በነበረው ቈጠራ ወልቂጤ ከ15 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ፥ ቡታጅራም ከ20 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ነበራቸው። እንግዲህ ወልቂጤ በ12 ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ ጐደላት፤ ቡታጅራም በግማሽዋ ላይ ጨምራ አደገች ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የተወለዱት ሁሉ ዛሬ ጐልማሶች ናቸው፤ ልጆቻቸውንም ወደ ትምህርት ቤት መላክ ጀምረዋል። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ሌላ የሕዝብ ቈጠራ አልተደረገም፤ ሊደረግ የታሰበው ቈጠራ ደጋግሞ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ስለዚህ በ7ኛ ክፍል ስንት ወንበር እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሰው ከ1999 ዓ.ም. ተነሥቶ በግምት የተሰላ ቍጥር ይዞ ይሠራል። አንድ ከተማ በእጥፍ ሲያድግ ያየ ሰው በግምት የተሰራ ቍጥር ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል አይጠፋውም።

በዚያው በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ውስጥ ግን ከጠቅላላው ድምር ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ያን ጊዜ የጉራጌ ዞን ሕዝብ 1,279,646 ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ወንዶቹ 622,078፥ ሴቶቹ 657,568 ነበሩ። ሴቶቹ በ35,490 ይበልጣሉ፤ ለ100 ሴት 95 ወንድ እንኳ አይደርስም። በመላው ኢትዮጵያ ግን በዚያው ዓመት የወንዶቹ ቍጥር ከሴቶቹ ጥቂት ይበልጥ ነበር። እግዚአብሔር በጉራጌ አገር ብቻ ሴት አብዝቶ አልፈጠረም፤ ልጅ ሲወለድ ወንዱም ሴቱም በሌላው አገር እንዳለው ነው። የጐደሉት ወንዶች ሞተው አይደለም፤ ሄደው ነው እንጂ። እንዲያውም በወልቂጤ ከተማ ብቻ ቢታይ ወንዶቹ 15,074 ሲሆኑ ሴቶቹ 13,792 ነበሩ፤ ገጠሩ ወንዶቹን ሲያጣ ከተማይቱ አገኘች ማለት ነው። ከወልቂጤ የበለጠውን የተቀበለችው ግን አዲስ አበባ ናት።

ይህን አንብቦ የጉራጌ ወላጅ ትምህርት አይወድም የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን አላወቀም። የጉራጌ ሕዝብ በእንሰት የሚኖር፥ መሬቱም የጠበበ ሕዝብ ነው፤ በዚያው ዘመን በዞኑ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ200 የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር። አንድ አባት ለ4 ወንዶች ልጆች የሚያካፍለው የእንሰት ቦታ ከሌለው፥ አንደኛውን በመሬቱ ላይ ትቶ ሌሎቹን ወደ ገበያ መላኩ ጥበብ ነው እንጂ ስንፍና አይባልም። ከመርካቶ ሱቆች ብዙዎቹ የተመሠረቱት የጫማ መጥረጊያ ሣጥን ይዘው በመጡ ልጆች ነው። ሊስትሮ ሆኖ ጀምሮ ሱቅ የከፈተ፥ ሱቅ ከፍቶ ወንድሙን ያስመጣ፥ ወንድሙንም ይዞ ዕቁብ የገባ ነጋዴ ታሪኩ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ይነገራል። መንግሥት መንገድ እስኪያደርስለት ሳይጠብቅ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥቶ፥ ድርጅት አቋቁሞ፥ ከአውራ ጐዳና ባለሥልጣን ጋራ እየተባበረ ወደ አገሩ መንገድ ያስቈረጠ ይኸው ነጋዴ ነው። በኋላም የተቋቋመው የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ከመንገድ ወደ ትምህርት ቤት ተሻግሮ ብዙ ሠርቷል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱን የሚያሠራው አባትና ልጁን ከትምህርት ቤቱ የሚያስወጣው አባት አንድ ሰው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው።

የዛሬው ንግድ ግን የቀድሞው ንግድ አይደለም። በ1950ዎቹ ስሙን መጻፍና መደመር የሚችል ልጅ ለሱቅ ይበቃ ነበር። ዛሬ ነጋዴ የግብር መዝገብ ይይዛል፤ በባንክና በስልክ ገንዘብ ያስተላልፋል፤ ከውጭ አገር ዕቃ ሲያስመጣ በእንግሊዝኛ ይጻጻፋል። 6ኛ ክፍል ጨርሶ የሄደው ልጅ ጫማ ሲጠርግ ወይም ዕቃ ሲሸከም ሊቀር ይችላል፤ አባቱ ያገኘው በር ለእርሱ ጠብቧልና። ይህን ወላጆቹ ራሳቸው ያዩታል፤ ነገር ግን የተመለሰውና ቤት የሠራው ልጅ በመንደሩ ሲታይ፥ ያልቀናው ልጅ ደግሞ አፍሮ ሳይመለስ ስለሚቀር፥ በመንደሩ ዐይን የሚታየው የቀናው ብቻ ነው።

የሴቶቹ ነገር ሌላ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ መጥታ የምትማር ልጅ ሁለትና ሦስት ሆና ጠባብ ክፍል ትከራያለች፤ ቅዳሜ ወደ ቤትዋ ሄዳ እሑድ ማታ የሳምንቱን ቆጮና ጐመን ተሸክማ ትመለሳለች። እንጨት መልቀም፥ ውኃ መቅዳት፥ ማብሰል ሁሉ በእርስዋ ላይ ነው፤ ጥናቱ የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ሲሆን የመካከለኛው ክፍል በሌላ ግቢ እንዲሆን የሚደረግባቸው ቀበሌዎች ቢኖሩ፥ ይህ የኪራይ ኑሮ ከ9ኛ ክፍል ወርዶ በ7ኛ ክፍል ይጀምራል ማለት ነው። የ13 ዓመት ልጅ ከእናትዋ ተለይታ በኪራይ ቤት ማደርዋን ማንም ወላጅ በደስታ አይቀበለውም። ስለዚህ አዲሱን ክፍፍል በሥራ ላይ የሚያውለው ሹም ካርታውን ሲመለከት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በልጅቱ እግር ቢለካው የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ነገር መምጣት ይገባል፤ ሹማምንት ሁሉ የሚጠያየቁት ስለ እርሱ ነውና። በ2014 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100ው 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆኑ። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በጥብቅ ቍጥጥር መሰጠት ሲጀምር የተገለጠው ነገር አገሩን ሁሉ አስደነገጠ። ቍጥሩ ከ2015 ዓ.ም. በኋላ እየተሻሻለ መሄዱ መልካም ነው። ነገር ግን 12ኛ ክፍል ላይ የወደቀው ልጅ በ12ኛ ክፍል አልወደቀም። ክፍልፋይንና የአልጀብራን መጀመሪያ ሳይጨብጥ ከ8ኛ ያለፈ ልጅ፥ ከዚያ በኋላ ያለው 4 ዓመት በሌለ መሠረት ላይ እንደሚሠራ ግድግዳ ነው።

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት በየዓመቱ ሲነገር የሚሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጽናና ነው፤ ነገር ግን ልብ ብሎ የሚሰማው ሰው አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ትምህርት ቤት በ7ኛ ክፍል መጀመሪያ 100 ልጆች ተመዝገቡ እንበል። በሁለት ዓመት ውስጥ 40ው ተለዩ፤ 60ው ለፈተና ተቀመጡ፤ 45ቱ አለፉ። ርእሰ መምህሩ ከተፈተኑት 100ው 75 አለፉ ብሎ ቢጽፍ ሐሰት አልጻፈም። ይሁን እንጂ ከገቡት 100ው ያለፉት 45 ብቻ ናቸው። የተለዩት 40 ልጆች በየትኛውም ሰነድ ላይ ወደቁ ተብለው አልተጻፉም፤ አለፉም አልተባሉም። ይልቁንም ደካማ ተማሪ ሁሉ ከፈተናው በፊት ቢለይ የትምህርት ቤቱ ስም ከፍ ይላል፤ ደካማውን ታግሦ እስከ መጨረሻው ያቆየ ትምህርት ቤት ግን ስሙ ዝቅ ይላል። ይህ አቈጣጠር መልካሙን ርእሰ መምህር የሚቀጣ፥ ቸልተኛውን የሚሸልም ነው። እረኛ በጎቹን የሚቈጥረው ከበረት ሲያወጣም ሲመልስም ነው፤ ማታ ብቻ የሚቈጥር እረኛ ስንት እንደ ጠፋበት አያውቅም።

ወልቂጤና ቡታጅራ በዚህ አቈጣጠር ይበልጥ የሚጐዱበት ምክንያት አለ። በሌላ አገር ልጅ ከትምህርት ሲለይ ከመንደሩ ሳይርቅ ስለሚቀር መምህሩ በገበያ ያየዋል፤ ይመክረዋል፤ ሊመልሰውም ይችላል። የጉራጌ ልጅ ግን ሲለይ በአንድ ጊዜ 100 ወይም 150 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በአዲስ አበባ ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደ ሆነ፥ በማታ ክፍል ይማር እንደ ሆነ፥ ወይም ፈጽሞ ትቶት እንደ ሆነ የቀድሞው ትምህርት ቤቱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከእነርሱ መካከል በአዲስ አበባ ትምህርታቸውን ቀጥለው ትልቅ ደረጃ የደረሱ እጅግ ብዙዎች ናቸው። ሁሉን አንድ አድርጎ ጠፉ ማለትም ስሕተት ነው፤ ሁሉን ቀጠሉ ማለትም ስሕተት ነው።

ከዚህ በላይ የቋንቋው ነገር አለ። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት አንድ ቋንቋ አይደለም። ቸሃ፥ እዣ፥ ምሑር፥ እኖር፥ ጌቶ፥ ክስታኔ፥ መስቃን፥ ወለኔ የሚባሉት ሴማዊ ሲሆኑ፥ የማረቆና የቀቤና ሕዝብ ቋንቋዎች ኩሻውያን ናቸው። ልጁ በቤቱ በአንዱ ይናገራል፤ በትምህርት ቤት በአማርኛ ፊደል ይቈጥራል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በመላ አገሪቱ እንዳለው ሁሉ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። መካከለኛው ደረጃ ለዚህ ሁሉ መሻገሪያ ድልድይ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ካትሊን ሂው፥ ካሮል ቤንሰን፥ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ አጥንተው በ1999 ዓ.ም. ያቀረቡት ጽሑፍ፥ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አመልክቷል። ወደ እንግሊዝኛ ቶሎ መሻገር እንግሊዝኛን ቶሎ ያሳውቃል ብሎ ለሚያስብ ወላጅ ይህ የሚያስገርም ነገር ነው።

የጉራጌ ቋንቋዎች ለጽሕፈት አይመቹም የሚለው አሳብ ግን ዛሬ የሚያቆመው መሠረት የለውም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈው ልብ ወለድ በወልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በ1956 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ታትሟል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የጎረቤቱ የስልጤ ቋንቋ ነበር። ለጉራጊኛ ጽሕፈት የሚያስፈልጉት ተጨማሪ የግእዝ ፊደላትም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ገብተዋል፤ ስለዚህ ፊደሉ የተጫነበት ማተሚያ ቤትና ስልክ ሊጽፋቸው ይችላል። አሁን የቀረው መጽሐፉን ማዘጋጀትና መምህሩን ማሠልጠን ነው፤ ይህም ከፊደሉ ይልቅ ብዙ ገንዘብና ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ልጆቹን በስም መቈጠር አይቻልም የሚል ቢኖር ደግሞ መልሱ በቡታጅራ አለለት። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድን አገር ከኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ በቡታጅራና በአካባቢዋ 1 የከተማና 9 የገጠር ቀበሌዎች መርጦ ቤት ለቤት ቈጠራ ጀመረ። በመጀመሪያው ቈጠራ ከ28 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተመዘገቡ። ከዚያም በኋላ ቈጣሪዎቹ ከቤት ወደ ቤት እየተመላለሱ ማን ተወለደ፥ ማን ሞተ፥ ማን አገባ፥ ማን ከቤቱ ወጥቶ ወዴት ሄደ እያሉ ለብዙ ዓመታት መዝግበዋል። ብዙ የሕክምና ሊቃውንት የምርምር ጽሑፋቸውን ያዘጋጁት በዚህ መዝገብ ነው፤ የቡታጅራም ስም በውጭ አገር የጤና መጻሕፍት ውስጥ የሚጠራው በዚሁ ነው። ሥራው የተሠራው በሰማይ በሚበር መሣሪያ አይደለም፤ የአገሩን ቋንቋ በሚያውቁ፥ ወረቀትና እርሳስ በያዙ፥ በእግራቸው በሚሄዱ የአካባቢው ሰዎች ነው። ለበሽታና ለሞት የተቻለው ነገር ለ7ኛ ክፍል የማይቻልበት ምክንያት አይታይም።

ይህንንም ለመጀመር በጉራጌ አገር ከሌላው አገር የተለየ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ። የሄዱት ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ ይመለሳሉ። ክርስቲያኑ ለመስቀል፥ እስላሙ ለዐረፋ ከያለበት ወደ አባቱ ቤት ይገባል። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከዞኑ ሕዝብ እኩሌታው ገደማ እስላም፥ ከ100ው 42 ያህሉ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበረና፥ ሁለቱ በዓላት ሁሉንም ቤት ሊያዳርሱ ጥቂት ይቀራቸዋል። የዐረፋ ቀን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ቀን ዋለ፤ ይህም የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚቃረብበት ወራት ነው። ያን ጊዜ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ለፈተናው ሊቀመጥ የሚችል እንደ ሆነ የሚጠይቀው መምህር ቢያገኝ አንድ ዓመት ይተርፍለታል። የመስቀል በዓል ግን ሁልጊዜ ከትምህርት መክፈቻ ጋራ ይገናኛል። በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤቶቹ ገና ሥራቸውን አላጸኑም፤ መምህራኑም ክትፎውን ለመቅመስ በየመንደሩ ይጠራሉ።

እንግዲህ ርእሰ መምህሩ ያለፈውን ዓመት የ6ኛና የ7ኛ ክፍል መዝገብ በእጁ ይዞ በዚያ ሰሞን በየቀበሌው ቢዞር፥ የሚፈልጋቸውን ልጆች አብዛኛዎቹን በጀፎረው ላይ ሲጫወቱ ያገኛቸዋል። ቄሱና ሸኹ አብረውት ቢሆኑ ወላጁ እውነቱን አይደብቅም። በአዲስ አበባ የሚማረውን የትምህርት ቤቱን ስም ይጽፋል፤ የማይማረውን ደግሞ ይዞት የመጣውን አጎት በዚያው ያነጋግራል፤ አጎቱም በአዲስ አበባ የሚገኝበትን ዕድርና ሰፈር ያስመዘግባል። ራስ አገዝ ድርጅቱና የየቤተ ጉራጌው ማኅበራት በመርካቶና በየሰፈሩ ያላቸው መረብ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት መረብ የጠነከረ ስለ ሆነ፥ ዝርዝሩ ቢደርሳቸው ልጁ በማታ ክፍል ይገባ ዘንድ ለአሠሪው መናገር አይከብዳቸውም። ሁለቱ ዞኖች በየራሳቸው መዝገብ ሲሠሩ የአንዱ ልጅ በሌላው ከተማ ቢገኝ ስሙን የሚለዋወጡበትን መንገድ ማበጀት ደግሞ የትምህርት መምሪያዎቹ ፋንታ ነው። የሚያስፈልገው ገንዘብ የመዝገብ መግዣና የመምህሩ የመንገድ ወጪ ብቻ ነው። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ከመስከረም 17 ቀን በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት አውቶቡሶች መሙላት ይጀምራሉና።